ነፃዋ የቆዳ ካንሰር መመርመሪያ መኪና፦ እየደጋገማችሁ የምትጠይቁን ጥያቄዎች

መኪናዋ በር ላይ ደብተር ይዤ ስም የምመዘግበው እኔ ነኝ። ነርስ ነኝ፣ ግን ከነርስነቱ በላይ መልስ መስጠቱ ነው የሚያደክመኝ፣ ለገሃር ብንቆም ጊዮርጊስ ጋ ብንቆም ሜክሲኮ ብንቆም ያው ጥያቄ ነው የሚመጣው፣ ሰው ደግሞ እየሮጠ ነው የሚጠይቀው፣ ታክሲ እንዳያመልጠው አንድ እግሩ አስፋልት ላይ አንድ እግሩ እኛ ደረጃ ላይ ሆኖ። ስለዚህ በደንብ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቻሉት።

ደም ልገሳ ነው?

አይደለም። ግን ስንት ሰው ነው እጅጌውን እየሰበሰበ የሚመጣልን! ነጭ መኪና ቆሞ አጠገቡ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ከታየ ደም ልገሳ ነው በቃ፣ እግዜር ይስጣቸው ሊሰጡ ነው የመጡት። እኛ ጋ የሚወልቀው ግን ካልሲ ነው።

ሥራችን ቆዳ ማየት ነው። ውስጥ አንድ አልጋ፣ መጋረጃ፣ ኃይለኛ መብራትና አንዲት የቆዳ ሐኪም አሉ። ሐኪሟ የምትይዛት ትንሽ መሣሪያ ዴርማቶስኮፕ ትባላለች፣ መብራት የተገጠመለት ማጉያ መነጽር በሏት፣ ቆዳው ላይ ጠጋ አድርጋ በሱ ውስጥ ታያለች፣ አለቀ። መርፌ የለም፣ ደም አይቀዳም፣ ጨረርም የለውም። ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት 10 ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው።

ሀሳቡ የኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ የቆዳ ሐኪሞቹ አካዳሚ ከ1985 ጀምሮ፣ በነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ነፃ ምርመራ ሲያካሂድ ኖሯል። አውስትራሊያ ደግሞ ከ3 ሰው 2ቱ 70 ዓመት ሳይሞላው የሆነ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ስለሚገኝበት ቆዳ ማስመርመር እንደ ጥርስ ማስመርመር ተራ ነገር ሆኗል። ግን የነሱን ወረቀት እንዳለ ተርጉመን እዚህ ብንለጥፈው አይሰራም። የነሱ ፖስተር ላይ ያለው ባህር ዳር ተኝቶ ፀሐይ የለበለበው ጀርባ ነው፣ የኛ ሰው ጣጣ ያለው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው።

ጥቁር ሰውን ደግሞ የቆዳ ካንሰር ይይዘዋል እንዴ? የፈረንጅ በሽታ አይደል?

ይሄ ነው ቁጥር አንድ ጥያቄ። ከፈረንጅ ጋር ካወዳደርነው እኛ ጋ በጣም ያንሳል፣ እውነት ነው። ሜላኒን ይመስገን፣ ቆዳችንን የሚያጠቁረው ቀለም ራሱ ጃንጥላ ነው። ግን ያንሳል ማለት የለም ማለት አይደለም፣ ደግሞ የለም ብለን ስለምናስብ ሲመጣ ማንም አይጠረጥረውም፣ ሲታወቅ ረፍዷል።

ቦብ ማርሌይን አስቡት። 60ኛ ልደቱ በ1997 መስቀል አደባባይ ሲከበር እዛ የነበራችሁ ትኖራላችሁ። ሰውዬው የሞተው ገና በ36 ዓመቱ ነው፣ ግንቦት 3 ቀን 1973። ምን ገደለው? ሜላኖማ፣ ማለትም ከቆዳ ካንሰሮች ሁሉ ክፉው፣ የጀመረውም ትልቁ የእግር ጣቱ ጥፍር ስር ነው። ኳስ ሲጫወት የተጎዳው ነበር የመሰለው። ከመሞቱ አራት ዓመት ገደማ በፊት ምንነቱ ሲታወቅ ሐኪሞች ጣቱ ይቆረጥ አሉ፣ እሱ እምነቴ አይፈቅድም ብሎ ጥፍሩንና ከስሩ ያለውን ብቻ አስወጣ፣ ከዛ በኋላ ወደ ሌላው ሰውነቱ ተዛመተ። ፎቶው ያለበት ቲሸርት ለብሶ እኛ ጋ የሚመጣ ወጣት ስንት አለ፣ ስጠይቀው "በካንሰር ሞተ" ይላል እንጂ ከእግር ጥፍር መጀመሩን የሚያውቅ ብዙም አላጋጠመኝም። ባይ ዘ ዌይ ከመሞቱ በፊት በኦርቶዶክስ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፣ ይሄን ግን ሁሉም ያውቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ይሄ እግር ስርና ጥፍር ስር የሚወጣው ሜላኖማ ከፀሐይ ጋር ብዙም አይገናኝም። እግራችሁ ስር ፀሐይ ምን ይሰራል? ስለዚህ ማርሌይ በየቀኑ ሳንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ማለቴ ነው፣ ቢቀባም ያው ነበር።

እሺ ካልሲውን ለምንድነው የምታስወልቁን?

አሁን ያልኩት ነዋ። በኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ሜላኖማ ሲመጣ የሚወደው ውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር፣ የጣት መሀል ነው፣ ቆዳው ፈካ የሚልበት ቦታ። ሰው ደግሞ ፊቱን በቀን አስር ጊዜ መስታወት ያያል፣ ውስጥ እግሩን አይቶ የማያውቅ ግን ሞልቷል።

ከኛው ቤት ልንገራችሁ። አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ግራ ተረከዙ ላይ ጥቁር ነገር ወጣበት፣ "የክላች እግሬ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ሲረግጥ ኖሮ" እያለ ይቀልዳል። አንድ ክሊኒክ ሄዶ በቅጡ እንኳ ሳያዩት የእግር ፈንገስ ነው ብለው ቅባት ሰጡት፣ ስምንት ወር ቀባ። እኔ ያኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ በየእሁዱ እነሱ ቤት ቡና እጠጣለሁ፣ አንድም ቀን እስቲ እግርህን አሳየኝ አላልኩትም፣ እሱም እግሩን ወደ ቡናው ዘርግቶ አይቀመጥም፣ ነውር ነው። ማነከስ ሲጀምር ነው ያየነው፣ ያን ጊዜ ብሽሽቱ አብጦ ነበር፣ ብሽሽት ካበጠ ደግሞ ተረከዝ ላይ ብቻ አልቀረም ማለት ነው። ከዛ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። "ይቺ ልጅ ካልሲ ካልሲ ትላለች" የምትሉኝ ነገሩ ከዚህ ነው የመጣው።

ጥፍሬ ላይ ጥቁር መስመር አለ፣ ካንሰር ነው?

አትደንግጡ። ጥቁር ሰው ጥፍር ላይ ቡናማ ወይ ጠቆር ያለ ቁመት መስመር መኖሩ የተለመደ ነው፣ በተለይ ብዙ ጥፍር ላይ ካለና ለዓመታት ካልተለወጠ ተፈጥሮ ነው። የምንጠረጥረው አንድ ጥፍር ላይ ብቻ በቅርቡ የወጣውን፣ እየሰፋ የሄደውን፣ ከ3 ሚሊሜትር ያለፈውን፣ ጥፍሩን የሰነጠቀውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያው ያለው ቆዳ ላይ የፈሰሰውን ነው። በር ሲያጣብቀው የጠቆረ ጥፍር ሌላ ነው፣ እሱ ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል። መስመሩ ግን ከስሩ አይነቀልም፣ ባለበት ነው። አሁን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግማችሁ አንሱና አስተያዩ። እየተለወጠ ከሆነ ለማንም የቆዳ ሐኪም አሳዩ፣ የግድ እኛን አትጠብቁ።

እህቶች፣ ስትመጡ የጥፍር ቀለም አስለቅቁ። እንሶስላም እንደዛው! ክረምት ላይ ነው ይሄ የሚያስቸግረን፣ ውስጥ እግርና ጥፍር ሁሉ ቀልቶ ይመጣል፣ ያምራል ግን ሐኪሟ ምንም ማየት አትችልም። ከተሞቀ ቆየት ብሎ ሲለቅ ኑ።

ማርያም የሳመችኝ ምልክት አለችኝ፣ ትታይልኝ?

ትታይ፣ ግን ከልጅነት ጀምሮ ያለችና ያልተለወጠች ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለችም። እናቶች ጉንጭና ዓይን ዙሪያ ላይ የምታዩዋቸው ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎችም ጉዳት የላቸውም፣ ጥቁር ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይወጡበታል፣ በዘር ነው። በምላጭ አታስነሱ፣ በክር አትሰሩ፣ አሲድ ምናምን የሚቀባ ሰው ጋ አትሂዱ። አንዱ ፀጉር ቤት በምላጭ አስነስቶት የመጣ ልጅ ነበር፣ ተቆርጦ የወደቀው ነገር ቢመረመር ኖሮ ምን እንደነበር ይታወቅ ነበር፣ አሁን ጠባሳውን እያየን ነው የምንገምተው።

የሚያሰጋው የቱ ነው ካላችሁ፣ ግማሹ ግማሹን የማይመስል፣ ጠርዙ የተቆራረጠ ካርታ የመሰለ፣ አንዱ ጋ ጥቁር አንዱ ጋ ቡናማ አንዱ ጋ ቀላ ያለ፣ ከምስር ፍሬ ከፍ ያለ። ከነዚህ ሁሉ ግን አንዱን ያዙ ብትሉኝ እየተለወጠ ያለውን እላለሁ። ያደገ፣ የጠቆረ፣ ሳይነኩት የሚደማ፣ የሚያሳክክ። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ጥቁረት የሌለው ይመጣል፣ የማይድን ቁስል ሆኖ። ቁስል አንድ ወር ሙሉ ካልዳነ ሰበብ አትፈልጉለት፣ አሳዩት።

የድሮ የእሳት ጠባሳ አለኝ፣ ከካንሰር ጋር ምን አገናኘው?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው፣ መጠየቅ የነበረበት ግን ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ስንቶቻችን ነን ልጅ ሆነን ምድጃ ላይ የወደቅን፣ ፈላ ውሃ የፈሰሰብን።

ጊዮርጊስ ጋ የቆምን ቀን አንዲት እናት ከቅዳሴ ወጥተው መጡ። "ልጄ፣ ዓይኔን ታዩልኛላችሁ?" አሉኝ። እማማ ዓይን አይደለም ቆዳ ነው የምናየው ስላቸው "እሱንማ ድሮ ጨርሼዋለሁ" ብለው ሳቁና ቀሚሳቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉት። ቅልጥማቸው ላይ ከጉልበት በታች ጀምሮ የሚያብለጨልጭ የቆየ ጠባሳ አለ፣ በአምስት ዓመታቸው እሳት ላይ ወድቀው ነው። መሀሉ ላይ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ነገር አለ። ጨርቁን ፈታ ሲያደርጉት ቅቤ ሸተተኝ፣ ከስሩ የእጄን መዳፍ የሚያክል ቁስል፣ ጠርዙ እንደ አበባ ጎመን ወደ ውጪ የተገለበጠ፣ ዳር ዳሩ ጠንካራ። "ሁለት ዓመት ሆነው፣ ይድናል ስል ይብሳል" አሉ። ሐኪሟ ብዙ ጊዜ ወሬኛ ናት፣ ያን ጊዜ ግን ዝም ብላ ነው ያየችው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ጠባሳው ለ20ና ለ30 ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ከዛ መሀሉ ይቆስላል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይቆስላል፣ እንደዛ ሲል ሲል ስኳመስ ሴል የሚባለው ካንሰር ይነሳበታል። ለብዙ ዓመት ያልዳነ የእግር ቁስልም፣ አጥንት ድረስ የገባ መግል ያለበት ቁስልም እንደዛው። በጊዜ ከተያዘ ቆርጦ ማውጣት ነው፣ ከዘገየ እግሩን ራሱን ያስከፍላል። ጠባሳ ያለው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል እያልኩ አይደለም፣ አብዛኛው ጠባሳ ጠባሳ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ግን እንደገና ከቆሰለ ዝም አይባልም። እማማን ወደ ሆስፒታል ጻፍንላቸው፣ ልጃቸው ስልክ ላይ ሆኖ "ዛሬውኑ እወስዳታለሁ" አለ፣ ወስዷቸዋልም።

ጸበል እየጠጣሁ ነው፣ ሁለቱ ይሄዳል ወይ?

ይሄዳል። እማማም ይሄንኑ ነው የጠየቁት፣ ጸበላቸውን ትተው እንዲመጡ አላልናቸውም። እኛ የምንለው ጸበሉ ሲያልቅ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ አትበሉ፣ ጎን ለጎን አድርጉት። ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ቅጠል፣ አፈር አታድርጉ፣ በንፁህ ውሃ ታጥቦ በንፁህ ጨርቅ ይሸፈን፣ በቃ።

የግድ መመርመር ያለበት ማነው?

ሁሉም ሰው ይምጣ ብል ደስ ይል ነበር፣ ሰልፉም ያምራል፣ ግን ቁጭ ብለን ስናስበው ምንም ምልክት የሌለው ጤነኛ የ25 ዓመት ጥቁር ልጅ በየዓመቱ ሙሉ ቆዳውን ቢያስመረምር ምን ያህል እንደሚጠቅመው አሜሪካኖቹ ራሳቸው ገና እየተከራከሩበት ነው። ስለዚህ ሰልፍ ሲረዝም ቅድሚያ የምንሰጣቸው አሉ፣ ለምን እሱ አለፈ ብላችሁ አትቆጡን።

አንደኛ አልቢኒዝም ያለባቸው፣ እነሱ ሰልፍም የላቸውም፣ ቀጥታ ይገባሉ። ሜላኒኑ ስለሌላቸው የአዲስ አበባ ፀሐይ ቆዳቸው ላይ በቀጥታ ነው የምታርፈው፣ ሌላው ሰው በሽምግልና የሚመጣበት ካንሰር እነሱን በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ያገኛቸዋል። አራት ኪሎ አንድ ተማሪ ልጅ ከወንድሙ ጋር መጣ፣ የወንድሙን ካፕ አድርጓል። ካፕ ግንባር ነው የሚከልለው፣ ጆሮና ማጅራት ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው። የልጁ ጆሮ ጫፍ ላይ ሻካራ ቅርፊት ነገር ነበረች፣ ካንሰር ገና ያልሆነች ግን ወደዛ የምትሄድ፣ እንዲህ ዓይነቷን በጊዜ ማጥፋት ይቻላል። ዙሪያውን ክንፍ ያለው ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ዕቃው ላይ ኤስፒኤፍ (SPF) 30 ወይም ከዛ በላይ የሚል ሳንስክሪን፣ ክፍል ውስጥ ከመስኮት ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ በየስድስት ወሩ ምርመራ። ወንድምየው ሁሉንም ስልኩ ላይ ጻፈው። ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ኳስ መጫወት እችላለሁ?"፣ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደፈለክ አልነው።

ሌሎቹ፣ የቆሰለ ጠባሳ ያላቸው፣ የማይድን ቁስል ያላቸው፣ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው መድኃኒት የሚወስዱ፣ እና ቫይረሱ በደማቸው ያለ። የመጨረሻው ካፖሲ ሳርኮማ ለሚባለው ካንሰር ነው፣ እግር ላይ ወይም አፍ ውስጥ ወይን ጠጅ መሰል ጠቆር ያለ እብጠት ሆኖ ይወጣል፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን በደንብ መውሰድ ራሱ ትልቁ ሕክምናው ነው። ይሄን በር ላይ ጮክ ብላችሁ መናገር የለባችሁም፣ እኔም አልጠይቅም፣ ውስጥ ለሐኪሟ ብቻ ንገሯት።

አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ፀሐይዋ ምን ታደርጋለች?

ሙቀትና ጨረር አንድ አይደሉም! ጅቡቲ ላብ በላብ ያደርጋችኋል፣ እዚህ ጃኬት ደርባችሁ ትሄዳላችሁ፣ ግን አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል፣ በየ1000 ሜትሩ 10 ከመቶ ገደማ። እኛ ያለነው ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን እኛ ላይ የሚወርደው ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚወርደው በ20 ከመቶና ከዛም በላይ ይበልጣል ማለት ነው። በዛ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ፣ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች፣ የቆማችሁበት ጥላ እግራችሁ ስር ይገባል። የጨረሩ መለኪያ 11 ሲደርስ እጅግ ከፍተኛ ይባላል፣ በጋ ላይ ጥርት ባለ ቀን እዚህ 11ን ማለፍ ብርቅ አይደለም። ነሐሴ ደመና ነው አትበሉኝ፣ ስስ ደመና አብዛኛውን ያሳልፋል።

ጥቁር ቆዳ ይሄን ይቋቋማል ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው ጠንካራው። ሎተሪ አዟሪዎች፣ ትራፊኮች፣ ሊስትሮዎች፣ ኮንስትራክሽን ላይ ያላችሁ፣ ባርኔጣና ጥላ ከክሬም ይበልጥባችኋል፣ ርካሽም ነው። የእናቶቻችን ጥቁር ጃንጥላ እኮ የዓለም ምርጥ ሳንስክሪን ነው፣ ጎረምሶቹ መያዝ ያፍራሉ እንጂ።

የሚያነጣ ክሬም እቀባለሁ፣ ችግር አለው?

አለው። ያለችውን ጃንጥላ በገዛ ገንዘባችሁ እያጠፋችሁ ነው። ስሙ የማይታወቅ፣ ምን እንዳለው ያልተጻፈበት ክሬም ውስጥ ሃይድሮኪኖን፣ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኛል፣ ሜርኩሪው ኩላሊት ድረስ ይሄዳል፣ ስቴሮይዱ ቆዳውን ወረቀት ያደርገዋል። ማድያት ለማጥፋት የጀመራችሁ ካላችሁ በአንዴ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪሟን አማክሩ፣ ድንገት ሲቆም ፊት የሚያብጥበትና የሚቀላበት ሰው አለ። ክሬሙን ከነዕቃው ይዛችሁ ኑ፣ አንስቅባችሁም።

ለምጽ፣ ጭርት፣ ቋቁቻ፣ ብጉርስ ታያላችሁ?

መንገድ ላይ ካየነው እንነግራችኋለን ግን መድኃኒት አንሰጥም፣ ለሱ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሁለት ነገር ግን ለብቻ ልናገር። ፈካ ያለ ምልክት ሆኖ ስትነኩት የማይሰማችሁ፣ ብርድም ሙቀትም የማይለይ ከሆነ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናው በነፃ ነው፣ ይድናል፣ በጊዜ ከተጀመረ የሰው ጣት አይቆረጥም። ሌላው ቁንጭር ነው፣ ፊት ላይ የሚወጣው ቆይቶ የማይድን ቁስል፣ ደጋ ሄዳችሁ የመጣችሁ ከሆነ ንገሩን፣ አሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ዝንብ ስለነከሰቻችሁ ነው፣ ካንሰር ይመስላል ግን አይደለም። ሁለቱም አለርት ሆስፒታል ይታያሉ፣ ዘነበወርቅ ያለው፣ ከ1958 ጀምሮ ሥጋ ደዌ ላይ ሲሰራ የቆየ ነው፣ ሰው ግን ስሙን ሲሰማ መሄድ ይፈራል። አለርት መሄድ ማለት ሥጋ ደዌ አለብህ ማለት አይደለም እኮ፣ ለማንኛውም የቆዳ በሽታ ነው የሚኬደው።

ልብስ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል? ሴት ሐኪም ናት?

ሐኪሟ ሴት ናት፣ ወንድ ሐኪም የሚተካበት ቀን በር ላይ እንነግራችኋለን፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ ማለት ትችላላችሁ። የሚወልቀው በተራ በተራ ነው፣ ጀርባ ሲታይ ፊት ይሸፈናል። የውስጥ ልብስ አይወልቅም፣ እዛ የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ እናንተ ትናገራላችሁ። ማተብ አይወልቅም፣ ሂጃብም ሐኪሟ ብቻ እያለች መጋረጃ ውስጥ ነው ገለጥ የሚለው፣ ያኔም ራስ ቅል ለማየት ነው። አንገታቸውና ድዳቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች "ይሄ ነው ካንሰሩ?" ይሉናል። አይደለም፣ ንቅሳት ራሱ ካንሰር አይደለም፣ ብቻ ከስሩ ያለውን ይሸፍንብናል። ፎቶ የምናነሳው ፈቃድ ጠይቀን የምልክቷን ብቻ ነው።

ካንሰር ነው ብትሉኝስ?

መኪናዋ ውስጥ "ካንሰር ነው" የሚላችሁ የለም። በዓይን አይታወቅም። "ይሄ ናሙና ይፈልጋል" ነው የምንለው። ሆስፒታል ቦታው ብቻ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይወሰዳል፣ ላብራቶሪ ይታያል። ምላጭ ከነካው ይሰራጫል የሚባለው ወሬ ስንቱን ቤት አስቀርቷል! ናሙና በመውሰድ አይሰራጭም፣ ሳይወሰድ በከረመ ነው የሚሰራጨው። በጊዜ የተገኘ የቆዳ ካንሰር አብዛኛው ተቆርጦ ነው የሚያልቀው፣ ኬሞ ምናምን ሳይደረስ።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። የኛ ነፃነት የመኪናዋ ደረጃ ላይ ያበቃል። ናሙናውና ኦፕራሲዮኑ በመንግሥት ሆስፒታል ነው፣ ከግል ጋር አይወዳደርም ግን ነፃ አይደለም፣ ወረፋም አለው። የጤና መድህን ደብተር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ በጤና ጣቢያችሁ በኩል ሪፈር አጽፉ፣ ሪፈር ሳይዙ ሆስፒታል መሄድ ተመልሶ መምጣት ነው። ለገሃር ከሆናችሁ ጥቁር አንበሳ ቸርችልን ሽቅብ ስትወጡ ነው፣ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአገሪቱ እዛ ብቻ ነበር፣ አሁን ክልልም ተጀምሯል። እኔ በግሌ አይቶ ወረቀት ጽፎ የሚሄድ መኪና ምንም አይጠቅምም ባይ ነኝ፣ ስልካችሁን የምቀበለውም ለዚህ ነው፣ ደውዬ ደረሳችሁ ወይ እላለሁ። እባካችሁ የሚሰራ ቁጥር ስጡኝ፣ ደግሞ አንሱት።

ምን ይዤ ልምጣ? የት ናችሁ?

መታወቂያ አንጠይቅም፣ ገንዘብ አንቀበልም። የቆመችበት ቦታ ይቀያየራል፣ ኮሪደሩ ከተሰራ ወዲህ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ራሱ ሥራ ሆኗል፣ ትራፊኮቹ ሲያስነሱን ትንሽ ወደ ጎን እንላለን እንጂ ሰፈር አንለቅም። ዝናብ ከጣለ አንሰራም፣ ሰልፉ ውጪ ስለሆነ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመጣ ቶሎ ይገባል።

ካልሲዬ ይሸታል፣ አፈርኩ

ይሸታል፣ ቀኑን ሙሉ ስትሮጡ ውላችሁ ምን እንዲሸት ፈለጋችሁ? በሩ ስር አንድ ጄሪካን ውሃ፣ ሳሙናና ሰማያዊ ሳፋ አለ፣ ታጠቡና ግቡ። ሊስትሮዎቹ አሁንማ ጫማ ሲጠርጉ "እዛ ማዶ እግር ያያሉ" እያሉ ደንበኛ ይልኩልናል፣ ጫማው ተወልውሎ እግሩ ሳይታጠብ ነው የሚመጣው፣ ሳፋዋ የተገዛችው በነሱ ምክንያት ነው።